ልጄ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት፤ ከደሴ እንዴት ትሂድ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። የምንኖረው ደሴ ነው። ልጅቷ ከኮምቦልቻ አልፋ አታውቅም። ጅማ ዘመድ የለንም፤ አዲስ አበባ ግን የእህቴ ልጅ ሰሚት አካባቢ ትኖራለች። በአውሮፕላን ላኪያት የሚሉኝ አሉ፣ አውቶቡስ ይበቃታል የሚሉም አሉ። ዕቃዋ ብዙ ነው፤ ፍራሽም ልገዛላት አስቤያለሁ። ከተማው ውስጥስ በምን ትንቀሳቀሳለች? ማታ ያስፈራል ይባላል፣ እውነት ነው? ልሸኛት ወይስ ብቻዋን ትሂድ?»

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት! ጅማ መድረስ እንደሚፈሩት ከባድ አይደለም። የሚያስቸግረው የመጨረሻው ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። እኔ ጅማ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ መናኸሪያ ውስጥ ስምሪት ላይ 12 ዓመት ሠርቻለሁ። ከሞያሌ የመጣ ተማሪም ከመቀሌ የመጣም ተቀብያለሁ። ያን ሁሉ አገር በሰላም አቋርጦ የመጣ ልጅ፣ መናኸሪያው በር ላይ ሲደርስ ግራ ይገባዋል።

ስለዚህ ከአውሮፕላኑም ከአውቶቡሱም በፊት እኔ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጅዎ የምትገባው የትኛው ግቢ ነው?

ሰው «ጅማ ዩኒቨርሲቲ» ሲባል አንድ አጥር፣ አንድ በር ይመስለዋል። አይደለም። ዋናው ግቢ አለ፤ ትልቁ ሆስፒታል አጠገቡ ነው። ቴክኖሎጂው ኪቶ ፉርዲሳ ነው፤ እኛ በአጭሩ ኪቶ እንለዋለን። ቢዝነስና ኢኮኖሚክሱ ቤኮ ይባላል። ግብርናና የእንስሳት ሕክምና ደግሞ የራሱ ግቢ አለው። ይባስ ብሎ አጋሮ ላይም ካምፓስ አለ፤ አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቅ ሌላ ከተማ ነው። ነገሩ የተበታተነው ያለ ምክንያት አይደለም። የግብርናው ኮሌጅ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ነበረ። የጤናው ተቋም በደርግ ጊዜ መጣ። ሁለቱ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1992 ዓ.ም. ነው። ሌላው ከዚያ በኋላ እየተጨመረ ሄደ።

አንድ ዓመት ላይ ከጎንደር የመጣ ልጅ ነበር። ከአውቶቡስ የወረደው ከምሽቱ አንድ ሰዓት አልፎ ነው። ሻንጣ፣ ቦርሳ፣ እንደ ምንጣፍ የተጠቀለለ ስፖንጅ ፍራሽ። ባጃጅ ያዘና «ዩኒቨርሲቲ» አለ። ባለባጃጁ ምን ያድርግ፣ ዋናው ግቢ በር ላይ አወረደው። ጥበቃው ወረቀቱን አየና «አንተ እኮ ኪቶ ነህ» አለው። ሌላ ባጃጅ ተፈለገ። በመሃል ዝናቡ መጣ። ፍራሹ ባጃጁ ጣሪያ ላይ በገመድ ታስሯል። ኪቶ ሲደርስ ፍራሹን አንድ ሰው ብቻውን ማንሳት አቃተው፤ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ። ቦርሳው ደግሞ የመጀመሪያው ባጃጅ ውስጥ ቀርቷል። ሰርተፍኬቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጫማው ገና አልደረቀም። የባጃጁን የጎን ቁጥር ጠየቅኩት፤ አላየሁም አለ። ልጆቹን አሰማርተን፣ ተራ ላይ ያሉትን ባለባጃጆች አንድ በአንድ ጠይቀን፣ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ቦርሳው ተገኘ። ሾፌሩ ራሱ ሲፈልገው ነበር ያደረው። ልጁ ግን ያን ቀን ምዝገባ አመለጠው።

ለልጅዎ ሦስት ነገር ከዚህ ታሪክ ያውጡላት። የግቢውን ስም በቃሏ ትወቅ። ባጃጅ ውስጥ ከመግባቷ በፊት የጎን ቁጥሩን በስልኳ ፎቶ ታንሳ። ሰርተፍኬቷ፣ ትራንስክሪፕቷ፣ ጉርድ ፎቶዋና መታወቂያዋ ያሉበት ቦርሳ ደግሞ ከትከሻዋ አይውረድ። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ በጭራሽ እንዳይጫን። መንገድ ላይ ኬላ አለ፤ ፈታሾች መታወቂያ ይጠይቃሉ። የተማሪ መታወቂያ ገና ስላልወጣላት የቀበሌዋን ወይም ፋይዳዋን፣ ከጥሪው ወረቀት ጋር፣ በእጇ ትያዝ።

ፍራሹን ይተዉት። ዶርም ውስጥ አልጋና ፍራሽ አለ። ዩኒቨርሲቲው የሚያወጣውን የመግቢያ ጥሪ እስከ መጨረሻው መስመር ያንብቡት፤ አምጡ የሚባለው ብዙውን ጊዜ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅና የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ኮፒው ነው። የት ግቢ ሪፖርት እንደምታደርግም እዚያው ላይ ይጻፋል። የመጀመሪያ ዓመት የሚማሩበትና በኋላ ዲፓርትመንት ሲመርጡ የሚሄዱበት ግቢ ሊለያይ ስለሚችል የአምናን ተማሪ ሰምተው አይወስኑ። ባልዲ፣ ሳሙና፣ ነጠላ ጫማ ጅማ መርካቶ ሞልቷል። ከደሴ ባልዲ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ሳይ እስካሁን ያስቀኛል።

አሁን ወደ ጉዞው። አውሮፕላን ወይስ አውቶቡስ?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከኮምቦልቻም ወደ ጅማም ይበርራል፤ ግን ሁለቱም በአዲስ አበባ በኩል ነው። ስለዚህ ሁለት በረራ ይሆናል። ከቦሌ ጅማ አየር ላይ የሚፈጀው ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ ሻይ እንኳ ሳይበርድ ይደረሳል። የጅማው አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያም ከከተማው ስለማይርቅ ባጃጅ ይበቃል። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? አንደኛው ኪሎ ነው። የትኬቱ የሻንጣ ገደብ ስንት እንደሆነ ሳያዩ አይግዙ፤ የአንድ ዓመት ዕቃ ለያዘች ልጅ ትርፍ ኪሎው ጣጣ አለው። ሁለተኛው የጅማ ሰማይ ነው። ጠዋት ጉምና ዳመና ሲይዘው በረራ ይዘገያል። እኛ ለምደነዋል። የመጀመሪያ ጉዞዋ ለሆነች ልጅ ግን ቦሌ ብቻዋን ሰዓታት መቀመጥ ጭንቅ ነው።

እኔ ብሆን ጉዞውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። ከደሴ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ በዚያው ሳምንት ይጠይቁ። ሾፌሮቹን ይጠይቁ፤ ትናንት የመጣ ሾፌር ከማንም የተሻለ ያውቃል። መንገዱ ሰላም ከሆነ በአውቶቡስ። ካላማረዎት እስከ አዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ከአዲስ አበባ ጅማ በአውቶቡስ። የጅማውንም መንገድ እንደዚሁ ሳይጠይቁ ትኬት አይቁረጡ። ሁለቱንም በአየር የምመክረው ገንዘቡ ለማይከብዳቸውና ዕቃቸው አንድ ሻንጣ ለሆነ ብቻ ነው። ለዕረፍት ስትመለስ እጇ ባዶ ስለሚሆን ያኔ ያስቡት።

ስለ ደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር እኔ ለእርስዎ ምን እነግርዎታለሁ፤ ደብረ ሲናንም ጣርማ በርንም ከእኔ በላይ ያውቁታል። የማስታውስዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከደሴ በኩል የሚመጣ አብዛኛው አውቶቡስ የሚያራግፈው ላም በረት መናኸሪያ ነው። የጅማ አውቶቡስ ከላም በረት አይነሳም። ይህን ሳያውቁ ላም በረት ተኝተው በማግስቱ «ጅማ የት ነው?» የሚሉ ብዙ ናቸው።

ደግነቱ ሰሚት ያለችው የእህትዎ ልጅ ለላም በረት አትርቅም። ትቀበላት፣ ታሳድራት። ቢቻል ሁለት ቀን ትረፍ። በአንድ ጉዞ ከደሴ ጅማ ልድረስ ማለት ራስን ማሠቃየት ነው፤ የጅማ አውቶቡሶች የሚወጡት ሌሊት ስለሆነ መሃል ላይ ማደር የግድ ነው።

የጅማ መኪና አዲስ አበባ መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ አለ። የግል ድርጅቶቹ ትልልቅ አውቶቡሶች ደግሞ መስቀል አደባባይ አካባቢ ይነሳሉ። በአየር ጤና በኩልም በጅማ መንገድ የሚወጡ አሉ። የትኛውም ይሁን፣ ትኬቱ ሲቆረጥ «መነሻው በትክክል የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከቻላችሁ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ይቆረጥ። ዩኒቨርሲቲ ጥሪ ባደረገ ሳምንት የጅማ ትኬት እንደ ትኩስ ዳቦ ነው። በቴሌብር የሚሸጡ ድርጅቶችም ስላሉ የእህትዎ ልጅ እቤቷ ሆና መቁረጥ ትችላለች።

ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ። ይህን እንደ ቀላል አይዩት። ትኬት ላይ 5:00 ተጽፎ ሊያዩ ይችላሉ። በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 11 ሰዓት ማለት ነው። ረፋድ ላይ አምስት ሰዓት መስሎት፣ ቁርሱን በልቶ፣ ተዘናግቶ የመጣ ተማሪ በስልክ ሲያለቅስብኝ ሰምቻለሁ። አውቶቡሱ በዚያ ሰዓት ወልቂጤን አልፏል። የአውሮፕላን ትኬት ደግሞ ሁልጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ነው።

ሌሊት ከሰሚት ለመውጣት ማታውኑ ራይድ ወይም የሚያውቁት ባለታክሲ ይያዝ። በባቡሩ ትሂድ የሚል ሰው ካለ አይስሙት፤ በዚያ ሰዓት ከዚያ ሁሉ ዕቃ ጋር አይታሰብም። መናኸሪያ ስትደርስ ደግሞ «ጅማ! ጅማ! አንድ ሰው የቀረው!» የሚል ሚኒባስ ይኖራል። አንድ ሰው ሲል አምስት ማለቱ ነው። በሩን ዘግቶ ሰዓት ሙሉ ያስቀምጣታል። ይህ እንኳ ይቻላል። የእኔ ፍርሃት ፍጥነቱ ነው። ማታ ተነስቶ ሌሊቱን የሚነዳ ሚኒባስ ላይ ግን ልጄን አላሳፍርም፤ የእርስዎም አትሳፈር። ትልቅ አውቶቡስ፣ በቀን፣ በትኬት።

ዕቃ ሲጫን ጫኝና አውራጆች ይመጣሉ። ሒሳቡን ከመጫኑ በፊት ይነጋገሩ፤ ከተጫነ በኋላ ክርክር ነው። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ሳልነጋገር ለአንድ ኬሻ ቡና የሁለት ሰው ምሳ ከፍያለሁ፤ ያውም የመናኸሪያ ሰው ሆኜ። ሻንጣዎቿ ላይ ስሟንና ስልኳን በወረቀት ጽፋ በፕላስተር ትለጥፍ። ጥቁር ሻንጣ የማይዝ ተማሪ የለም። ቀይ ጨርቅ እጀታው ላይ ማሰር ይበልጥ ይሠራል።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡስ እንደ መንገዱና እንደ ፍተሻው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጅበታል። መንገዱን አስቀድማ ብታውቀው ጭንቀቷ ይቀንሳል፤ እርስዎም በስልክ ሲከታተሏት የት እንዳለች ይገባዎታል። ከዓለም ገና በኋላ ቱሉ ቦሎ፣ ከዚያ ወሊሶ። ወሊሶ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ነው። እስከዚያ ሜዳ ስለሆነ እንቅልፏን ትተኛ። ቀጥሎ ወልቂጤ። ብዙ አውቶቡሶች ለምግብ የሚቆሙት እዚህ አካባቢ ነው። ወልቂጤ የክትፎ አገር ነው፤ ይሁንና ክትፎውን ለሌላ ቀን ታቆየው። ከፊቷ ጊቤ አለ።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል። ይጠማዘዛል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይጠማዘዛል። ጆሮ ይደፈናል። ደሴ ላይ ሹራብ የለበሰ ሰው እዚህ ማውለቅ ይጀምራል። ወንዙን ተሻግሮ ደግሞ በአበልቲ በኩል መውጣት ነው። ሰው የሚያስመልሰው እዚህ ነው። ሎሚ፣ አንድ ሁለት ፌስታል፣ ውሃ ትያዝ። ከፊት ሦስተኛ አራተኛ ረድፍ ላይ፣ በመስኮት በኩል ቦታ ብታገኝ ጥሩ ነው። መስኮቱን ከፍታ ንፋስ አገኛለሁ ብላ ግን ተስፋ አታድርግ። ገና በጣቷ ስትነካው ከኋላ «ዝጊው! ንፋስ መታን!» የሚሉ እናት አይጠፉም። ከእናቶች ጋር ክርክር አያዋጣም። ሁለት ጣት ያህል ትክፈተውና ዝም ትበል።

ከዚያ በኋላ ሳጃ፣ ሰኮሩ፣ ደነባ፣ አሰንዳቦ። አገሩ እየለመለመ ይሄዳል። በዚህ መሃል ሐይቅ የሚመስል ሰፊ ውሃ ታያለች፤ የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ነው፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው። ፎቶ ታንሳ፤ ከቤት ከወጣች ወዲህ የመጀመሪያው ደስታዋ ይሆናል። ሰርቦ ስትደርስ ትደውልልዎ። ከሰርቦ ጅማ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጫማዋን የምታስርበት፣ ስልኳን ከቻርጀር የምትነቅልበት፣ መቀመጫዋ ስር የወደቀ ነገር እንዳለ የምታይበት ጊዜ ነው። ቦዬ የሚባለውን ረግረግ ስታይ ከተማው መጣ ማለት ነው።

ሌሊት 11 ሰዓት የተነሳ አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ይገባል። አንድ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ እንኳ ገና ብርሃን ነው። የሌሊቱን መነሻ ያልወደዱት ይመስለኛል፤ ጥቅሙ ግን ይኸው ነው። ረፍዶ የሚነሳ መኪና ይዛ ማታ ከምትገባ፣ ሌሊት ተነስታ በቀን ትግባ። መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶ ከመሸባት ደግሞ ግቢ ካልገባሁ ብላ አትጨነቅ። መናኸሪያው አካባቢ ሆቴል ይዛ ጠዋት ትሂድ። ምዝገባ ብዙውን ጊዜ የአንድ ቀን ብቻ አይደለም።

መናኸሪያው ውስጥ በመግቢያ ሰሞን ተማሪ የሚቀበሉ ነባር ተማሪዎች ታያለች። ባጅ ያደረጉ፣ ጠረጴዛ ይዘው የተቀመጡ ከሆኑ ትጠጋቸው፤ የግቢውን ሰርቪስ ያሳዩዋታል። ባጅ የሌለው፣ ሻንጣዋን ሳትጠይቀው አንስቶ የሚሮጥ «ሲኒየር» ግን ሲኒየር አይደለም።

ሰርቪስ ካጣች ባጃጅ አለ። የጅማ እግር ባጃጅ ነው። በሁለት ዓይነት ይሠራል፤ በሰው እና በኮንትራት። በሰው ማለት በአንድ መስመር እየተመላለሰ ከሌሎች ጋር እየተጫነች የምትሄድበት ነው፤ ሒሳቡ ትንሽ ነው። ኮንትራት ማለት ባጃጁን ብቻዋን መያዝ ነው። ጠቡ ሁሉ የሚመጣው ይህን ሳይናገሩ ከመግባት ነው። ባዶ ባጃጅ ውስጥ ዝም ብላ ከገባች ሾፌሩ ኮንትራት ነው ብሎ ያስባል፤ እሷ በሰው መስሏታል። ሲወርዱ ጉድ ይፈላል። ስለዚህ እግሯን ሳታስገባ «በሰው ነው?» ትበል። ከሻንጣዋ ጋር ለመጀመሪያ ቀን ግን ኮንትራት ትያዝ፤ ዋጋውን ቀድማ ትጨርስ፤ የግቢውን ስም ሁለት ጊዜ ትናገር። ዋጋውን እኔ አልጽፍልዎትም፤ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ይቀየራል። መናኸሪያ ውስጥ ሱቅ ያለውን ሰው «ኪቶ በኮንትራት ስንት ነው?» ብላ ትጠይቅ፤ እውነቱን ይነግራታል። መውረጃዋ ሲደርስ እንደ ደሴ «ወራጅ አለ» ካለች ይበቃል።

በአማርኛ ጅማ ላይ አትቸገርም። ግን የከተማው ዋና ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ሁለት ሦስት ቃል ብትይዝ ትጠቀማለች። «አካም» ሰላምታ ነው፤ «ሜቃ» ስንት ነው ማለት ነው፤ «ገለቶማ» አመሰግናለሁ። አንድ ባለባጃጅ ጓደኛዬ «ሜቃ» ብሎ የሚጠይቀኝን ተማሪ ዋጋ አልጨምርበትም ይላል። ትንሽ ይጨምራል፤ ግን እንደ ሌላው አይደለም።

ከተማውን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። የጅማውን መርካቶ ካወቀች ሌላውን በዚያ ትለካዋለች፤ አብዛኛው ባጃጅ በዚያ በኩል ያልፋል ወይም እዚያ ያበቃል። አወይቱ ወንዝ ከተማውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ «ከወንዙ ወዲህ ነው ወዲያ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ያድናል። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ቀን ነው፤ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የኖረ ገበያ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መርካቶ አካባቢ ባጃጅ ማግኘት ፈተና ስለሆነ ፎቶ ኮፒ ለማድረግም ሆነ ባንክ ለመሄድ ሌላ ቀን ትምረጥ። ቅዳሜ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ጅሬን ትውጣ፤ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ኮረብታው ላይ ነው፣ ከተማው ከዚያ ሆኖ ሲታይ ደን ውስጥ የተደበቀ ይመስላል። ኮንትራት ስትይዝ ግን «መሄጃና መመለሻ» ብላ ትዋዋል። ያለዚያ ባጃጁ አውርዷት ይወርዳል፤ መመለሻው በእግር ይሆናል።

አሁን የማታውን ጉዳይ። ማታ ያስፈራል ወይ? ጅማ ለእኔ ጸጥ ያለ ከተማ ነው። ነገር ግን የእርስዎ ልጅ እኔ አይደለችም፤ ሰፈሩን አታውቅም። የመጀመሪያውን ወር ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ግቢ ትግባ። መብራት የሚጠፋበት ቀን አለ፤ ያኔ የምታውቀው መንገድ ራሱ ይጠፋባታል። ባጃጅ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ስልክ በእጅ ይዞ ፌስቡክ ማየት ለነጣቂ መጋበዝ ነው። ሲመሽባት ብቻዋን ኮንትራት ከምትይዝ ሁለት ሦስት ሆነው ይያዙ። የሚያምኑት አንድ ባለባጃጅ ስልክ ቢኖራት ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። የኛ ከተማ ተማሪዎች እንደ ቤት ሐኪም «የኔ ባጃጅ» የሚሉት ሰው አላቸው።

ለእኔ ከሌባ ይልቅ የሚያሳስበኝ ዝናቡ ነው። የጅማ ዝናብ ሐምሌና ነሐሴን አይጠብቅም። መጋቢት ላይ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሊወርድ ይችላል፤ ከሰዓት በኋላ በድንገት ይመጣል። ዝናብ ሲጥል ባጃጁ ይጠፋል፣ ያለውም ዋጋ ይጨምራል። ደሴ ላይ የለመደችው ብርድ ነው፤ እዚህ ብርዱ ቀላል ነው፣ እርጥበቱ ነው ከባዱ። ወፍራም ካፖርት አያስፈልጋትም። ጠንካራ ጃንጥላ፣ ውሃ የማያስገባ ጫማና ለመጽሐፎቿ ፕላስቲክ ያስፈልጋታል። ወባም ስላለ አጎበር ትያዝ፤ ትኩሳት ከተሰማት ጉንፋን ነው ብላ ሳትተኛ ክሊኒክ ሄዳ ትመርመር።

ልሸኛት ወይ ላሉኝ፤ ከቻሉ ይምጡ። የመጀመሪያውን መንገድ አብረው ቢሄዱ እርስዎም ሲደውሉ «አሰንዳቦ ደርሻለሁ» ስትልዎ ዓይንዎ ላይ ይመጣል። ግን ሁለት ነገር ይወቁ። ዶርም ውስጥ ገብቼ አልጋዋን ላንጥፍላት አይሉም፤ ወላጅ ከበሩ አያልፍም ሊባሉ ይችላሉ፤ አይዘኑ፣ ሕግ ነው። ሁለተኛው የእርስዎ መመለሻ ነው። ልጃቸውን ሸኝተው ከግቢው አጠገብ ሆቴል የሚይዙ ወላጆች አሉ፤ አንድ ሌሊት በቅርብ ልሁንላት ብለው። የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሌሊት ነው የሚወጣው። በዚያ ሰዓት ግቢው በር ላይ ባጃጅ አያገኙም። ትኬትዎን በደረሱበት ቀን መናኸሪያ ሳሉ ይቁረጡ፤ የሚያድሩት እዚያው መናኸሪያው አካባቢ፣ ሌሊት በእግር ወጥተው ከሚደርሱበት ሆቴል ይሁን። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለውን ልጅ «አሥር ሰዓት ላይ ቀስቅሰኝ» ይበሉት፤ ሥራው ነው፣ ሳይጠሩት ራሱ በሩን ያንኳኳል።